አራተኛው ቁልፍ

ስምንቱን ቢራ ፋብሪካዎች አንድ ኩባንያ ጠቅልሎ ከገዛቸው ወዲህ ጠርሙስ የሚባል ነገር ቀርቶ ቢራ እንደ ውሃ በቧንቧ በየቤቱ ይገባል። በየማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስምንት ቁልፍ አለ፤ በየቁልፉም ላይ የአንዱ የድሮ ፋብሪካ ዓርማ። ቧንቧው ግን አንድ ነው።

እልፍነሽ በአንደኛው ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ቢራ ቀማሽ ነበረች። ጠመቃው ካልጣማት "አይለፍ!" ትላለች፤ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ቃሏን አይሽርም ነበር።

ዛሬ ጡረተኛ ናት። እራት ሲቀርብ ባሏ ተካልኝ ቁልፍ ተጭኖ ይቀዳና "ከአራተኛው ነው፣ ከፋብሪካሽ፤ እስቲ ቅመሺልኝ" ይላታል። እሷም ያንን የጥንቱን ምሬት ምላሷ ላይ ትጠብቃለች። አይመጣም። ቢሆንም ደስ እንዲለው ብላ "የኛው ነው" ትለዋለች።

ዛሬም እንደዚያው አለችው። ተካልኝ ግን ብርጭቆውን አልተቀበላትም።

"እልፌ፣ ይሄኮ ሰባተኛው ነው። ትናንት ሁለተኛው ነበር። ከፋሲካ ወዲህ አራተኛውን ነክቼው አላውቅም።"

"ምነው?"

"አንድ ቀን ትጮሂብኛለሽ ብዬ ነዋ! ያ ቁጣሽ ናፈቀኝ።"

እልፍነሽ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ጎንጨት አለችለትና ዓይኑ እያየ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

"አይለፍ!"

ተካልኝ እየሳቀ፣ እንባውንም በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ አራተኛውን ቀድቶ ሰጣት። እሱንም ቀመሰች። እሱንም ደፋችው።

ስምንቱን እስኪያዳርሱ እራቱ ቀዘቀዘ።