ሁሉም «የለበትም»

የክሊኒኩን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቤዚክ በሚባለው የኮድ ቋንቋ የጻፈው ወጣት ጥርጣሬ ገብቶታል። ለጉበት ቫይረስ የተመረመረ ሁሉ፣ እሱና እጮኛው ጭምር፣ «የለበትም» የሚል ውጤት ይዞ ነው የወጣው።

«ሲስተር፣ ቫይረሱ ያለበት አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል?»

«ምነው ታሟርታለህ! ተመስገን አይባልም?» አለችው ነርሷ ከጀርባው ቆማ።

አላመናትም። ኮዱን ከፍቶ አየው። ቤዚክ «ቫይረሱ ተገኝቷል?» ለሚለው ጥያቄ «እውነት» የሚለውን መልስ በቁጥር ሲይዝ ነጌቲቭ አንድ (-1) ያደርገዋል፤ እሱ ደግሞ «አለበት» ብሎ እንዲጽፍ ያዘዘው አንድ ሲያገኝ ብቻ ነበር።

ከአንዱ ፊት የመቀነስ ምልክቷን ጨመረና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳው። ስክሪኑ ላይ ከስሞቹ ጎን «አለበት» የሚለው ቃል እዚህም እዚያም ብቅ ይል ጀመር።

ነርሷ ድንገት ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ሰርጋችሁ መቼ ነው ያልከኝ?»