ጥቁር ጠርዝ ያጣው መጋረጃ

«የሳሎናችን መጋረጃ ዛሬ በይፋ ይሰቀላል» ሲሉ አቶ ጌጤነህ ለጎረቤቱ ሁሉ አስታወቁ።

ካሜራ የተቀባ ቀለምን ከነገሩ ላይ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ፣ ባለቤታቸው ዲዛይነር ምንትዋብ አገር እየዞሩ ቀለም ያነሳሉ፤ ጨርቅ ላይም ያሳርፉታል። የዚህ መጋረጃ ብርቱካናማ የመጣው ከአንድ የሐረር ግድግዳ ነው። የግድግዳው ባለቤት «ምነው ልጄ፣ ለአረፋ እኮ ነው የቀባሁት!» ብለዋቸው ነበር።

«ከሳሎን ወርዶ ነገ ኤግዚቢሽን ለመቅረብ ጥቁር ጠርዝ ጎደለው» አሉ ምንትዋብ። «ጥቁር የተቀባ ነገር ያለው ሰው የለም?»

መጋረጃውን ሊያይ የመጣው እንግዳ ሁሉ የአቶ ጌጤነህን ጸጉር አየ።

«ምን ታዩኛላችሁ? የእኔ የተፈጥሮ ነው። ከፈለግሽ አንሺኝ!»

አነሷቸው። ጸጉራቸው ጥጥ መሰለ።

ምንትዋብ እየሳቁ ጥቁሩን ጠርዙ ላይ አሳረፉና ካሜራውን ወደ እንግዶቹ አዞሩ። «አንድ ጎን ይቀረኛል።»

ግማሹ ኮፍያውን፣ ግማሹ ነጠላውን እስከ ቅንድቡ ሳበ።