ባዶ የዋለ ቤት

ያ ክረምት ክፉ ነበር፤ ሰው በላይ በላዩ ሞተ፣ ቀባሪ ግን ጠፋ። ከአዲሱ የከተማ ፕላን በፊት የተሠራ ቤት ለአፍታ እንኳ ባዶ ከሆነ በሩ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ቀይ ይሆናል፤ በማግስቱም ቤቱ ይፈርሳል።

የአቶ ይርዳው ሚስት ወይዘሮ አስካለ ሞቱ። ቤቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሄደው እትዬን ይቅበሩ። እኔ እጠብቃለሁ» አለች ጎረቤታቸው ትርንጎ።

ለቦታው የቋመጠ ሰው የላካት መሰላቸው። «እኔ ስሄድ አንቺም ልትወጪ ነው?»

«እንግዲያ አስከሬኑን ታቅፈው ይቀመጡዋ!»

ሄዱ። አፈር ሲመለስ እንኳ ልባቸው እቤታቸው ነበር። ሲመለሱ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ትርንጎም በአስካለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ማዶ ያለው የሷ ቤት መብራት ግን ቀልቷል።

«አንቺ! ያንቺን ማን ጠበቀው?»

«ማን አለኝ ጋሼ? ያኔ እናቴን ስቀብር ቤቴን የጠበቁልኝ እትዬ ነበሩ። ዛሬ ብድራቸውን መለስኩ።»