ማኑሄ የሌለባቸው ፎቶዎች

ማኑሄ ቅናተኛ ነው። ይህን እሱም አይክድም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያጠናው ይመስላል። የመካኒሳ አቦ ሰፈር ሰው ግን ሚስቱ ንግስት በአሥር ዓመት እንደምታንሰውና መልከ መልካም እንደሆነች ስለሚያውቅ ብዙም አይፈርድበትም።

በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቅናቱ አዲስ ምክንያት አገኘ። ምክንያቱ ካሜራ ነበር።

ንግስት የባሏን የጨጓራ ምርመራ ውጤት ልትቀበል ሆስፒታል የሄደች ዕለት፣ አመሻሽ ላይ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተመለሰች።

«ውጤቱስ?» አላት።

«ያው ጨጓራ ነው አሉ። ክኒን ሰጥተውሃል። ነፋሻ ቦታ በእግሩ ይንሸራሸር ብለዋል።»

«ካሜራውስ?»

«ሚሳኤል አዋሰኝ። እሁድ እሁድ እየሄድን አገሩን ፎቶ እናነሳለን።»

ሚሳኤል ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ፎቶ ቤት ያለው፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ላጤ ነው። ማኑሄ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

የመጀመሪያው እሁድ ግን ደስ የሚል ነበር። ከመካኒሳ ተነስተው በጀሞ ጤፍ ማሳዎች መካከል ሽቅብ ወጡ። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ የፉሪ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ንግስት ዛፉንም፣ ወንዙንም፣ የሳር ክምሩንም ታነሳለች። «እስቲ እዚያ ቁምልኝ» ስትለው፣ ፎቶ ከመነሳት ጥርሱን ቢነቅሉት የሚመርጠውና ከመታወቂያው ሌላ ፎቶ የሌለው ማኑሄ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቆመላት።

ሐሙስ ፎቶዎቹ ታጥበው መጡ። ዛፉ አለ። ወንዙ አለ። ተራራው አለ። ማኑሄ የለም።

«እኔስ?»

«ያንተ ተቃጠለ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

በሁለተኛውም ሳምንት ተቃጠለ። በሦስተኛውም። ዛፍ የማያቃጥል ካሜራ ባል እየመረጠ የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ ማኑሄ ሲያብሰለስል ሰነበተ።

ሌላም ነገር አስተዋለ። ያቺ ነገር የማታሳልፍ ንግስት አንደበቷ ለሰለሰ። ሲቆጣት ዝም ትላለች፤ ያማረውን ሁሉ ትሠራለታለች። እንዲህ የምታባብለው ጥፋት ያለባት ሚስት ናት፣ አለ በልቡ። ከፎቶ ቤት በተመለሰች ቁጥር ደግሞ ዓይኗ ይቀላል። ሴት ልጅ ለማንም እንዲህ አታለቅስም፤ ፍቅር ቢይዛት ነው። ቅናት አንገበገበው። እንቅልፍም ምግብም ራቀው።

በአራተኛው እሁድ ሙሉ ልብስህን ልበስ፣ ክራቫትም እሰር አለችው።

«ጤፍ ለማየት ነው ክራቫት?»

«ለእኔ ስትል።»

ኮቱ ስለሰፋው ከጀርባው ሰብስባ በመርፌ ቁልፍ ያዘችለት። ሚሳኤል ሲያየኝ እንዲስቅብኝ ነው፣ አለ ማኑሄ ለራሱ።

ጀሞ ሲደርሱ በንቲ የሚባል ገበሬ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ አገኛቸው።

«አቶ ማኑሄ! ምነው እንዲህ ከሱ? ምን...»

«በል ደህና ዋል በንቲ፣ ፀሐይዋ እንዳትሸሽብን» ብላ ንግስት አቋረጠችውና ባሏን ጎተተችው። ማኑሄን ችኮላዋ ወደ ማን እንደሆነ አልጠፋውም።

ዳገቱን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ዐረፉ። ጫፉ ላይ ካሜራውን ደቀነችና «እስቲ ፈገግ በል፣ የሰርጋችን ቀን እንደሳቅኸው» አለችው። ንዴቱ ሁሉ ጠፋበትና ሳቀ። ይወዳታል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረው ዛሬም ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ይፈራል።

ረቡዕ ዕለት «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ዘንቢሉ ግን እንደተሰቀለ ነው። ማኑሄ ከዘራውን አነሳና ተከተላት። የፎቶ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከግድግዳው ተለጥፎ አዳመጠ።

«ማኑሄ ፈጽሞ እንዳይሰማ» ትላለች ንግስት፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

«ከእኔ አይወጣም እትዬ» ይላል ሚሳኤል። «ግን እስከ መቼ ነው የምንደብቀው?»

«እሱ እስካለ ድረስ።»

ማኑሄ ከዘራውን ጨበጠ። ሞቴን እየጠበቁ ነው ማለት ነው፣ አለ። ንግስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እስክትርቅ ከሱቁ ጀርባ ተደብቆ ቆየ። ከዚያ በሩን በከዘራው በረገደው።

«የሚስቴን ፎቶ አውጣ!»

ሚሳኤል ደነገጠ። «የምን ፎቶ ጋሽ ማኑሄ?»

«ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ የደበቅኸውን! እኔን እያቃጠልክ ለብቻህ የምታያትን!»

ሚሳኤል ሮጦ መጋረጃው ፊት ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሽዬ፣ በአቦ ይዤዎታለሁ፣ እዚያ አይግቡ። ከፈለጉ ይምቱኝ፤ ብቻ አይግቡ።»

ልመናው ነገሩን አባሰው። ማኑሄ ጎረምሳውን በክርኑ ገፍትሮ መጋረጃውን ገነጠለው።

የንግስት ፎቶ የለም። በጥቁር ክፈፍ የገባ፣ ክንድ የሚያህል አንድ ፎቶ ብቻ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ማኑሄ ክራቫት አስሮ ይስቃል።

ከግርጌው በነጭ ቀለም «አቶ ማኑሄ ተሰማ፣ ከ1934 ዓ.ም. እስከ» ተብሎ ተጽፎ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ተትቷል።