የችኩሉ ጭብጨባ

ሺዮዳ የሙዚቃ ሸክላውን ከሽፋኑ ስቦ አወጣና ጠርዙን በሁለት መዳፉ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። የሱቁ ባንኮኒ ላይ የተደገፈው ደንበኛው ኢሶቤ ምራቁን ዋጠ።

«ይኸው፣ አርባ አንደኛህ!» አለው ሺዮዳ። «አንድን ሸክላ አርባ አንዴ የሚገዛ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ምን ልታደርገው ነው፣ ጣራ ልትከድንበት?»

«አትለፍልፍ፣ ጠቅልልልኝ።»

«ቆይ እንጂ። ሻጯ ለመጨረሻ ጊዜ ልስማው ብለዋል።»

ሻጯ፣ ወይዘሮ ኡሜሃራ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰባ አልፏቸዋል። ባላቸው በጸደይ ሞተዋል፤ እሳቸውም በዚህ ሳምንት ሴንዳይ ከተማን ለቀው ናጎያ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ቆይቷል።

ኢሶቤ ይህን ሸክላ ይገዛዋል እንጂ ሰው ባለበት አይሰማውም። አልሰማም ብሎ የማለ ያህል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ሰባ አራት መኸር፣ እዚሁ ሴንዳይ፣ ኦኩዴራ የሚባል ፒያኖ ተጫዋች ከመሞቱ በፊት የመጨረሻውን ዝግጅት አቀረበ። ዝግጅቱ ተቀድቶ ሦስት መቶ ሸክላ ብቻ ታተመ። የመጨረሻው ዜማ የመጨረሻ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ፣ ሊጠፋ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው፣ ከአዳራሹ ሁሉ አንድ ሰው አጨበጨበ። አንድ ሰው ብቻ! ሸክላ አሳዳጆች ከሰሜን ሳፖሮ እስከ ደቡብ ፉኩኦካ ያንን ሰው «ችኩሉ» ይሉታል። «እጁ ይቆረጥ!» ይላሉ በተገናኙ ቁጥር። ኢሶቤም አብሯቸው ይላል፤ እንዲያውም ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ችኩሉ እሱ ራሱ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ አባቱ የሸለሙት የብረት ሰዓት የእጁ አንጓ ላይ ሰፍታው፣ እጆቹ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ተጋጩ። ሰዓቷ ቅጭል ስትል ሸክላው ላይ በደንብ ትሰማለች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። ያ ዓይን እስከ ዛሬ ማጅራቱን ያቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ የትም ሲሄድ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ሊጨርስ ሲል ነው እሱ የሚጀምረው። ሸክላዎቹን ደግሞ እያሳደደ ይገዛና ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፋቸዋል፤ በገዛ ቁጥር ውርደቱን የሚሰማ አንድ ጆሮ ይቀንሳል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስቆምኩዎት» አሉት ወይዘሮ ኡሜሃራ። «ብዙ አልቆይም፤ መጨረሻዋን ብቻ ነው የምፈልጋት።»

«መጨረሻዋን?» ኢሶቤ ደነገጠ። «ኧረ እሷ ተበላሽታለች! የመጀመሪያው ይሻልዎታል። መጨረሻው ላይ አንድ ባለጌ...»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ባለጌውማ የኔ ባል ነው!»

ኢሶቤ ከባንኮኒው ቀና አለ።

«ያን ቀን ከሰዓት ነው እሺ አገባሃለሁ ያልኩት» አሉ። «እኔ ማታ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበርኩ ብቻውን ሄደ። ሲያልቅ በዝናብ እየሮጠ መጣና ‹ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ፣ ባንቺ የተነሳ ጉድ ሆንኩ› አለኝ። ሸክላው ሲወጣ ገዝቶ አሰማኝ። ከዚያ በኋላ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በተጣላን ቁጥር ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ሌላኛው ክፍል ይገባና ያችን መጨረሻ ያጫውታታል። እኔስ ታዲያ እንዴት አኮርፋለሁ?»

ኢሶቤ አፉን ከፈተ። ‹ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እኔን ነው፣ ባልዎ ዋሽቶዎታል!› ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። አፉን መልሶ ዘጋው።

ሺዮዳ መርፌውን ወደ ሸክላው መሃል ጠጋ አድርጎ፣ መጨረሻው አካባቢ አሳረፈው። ፒያኖው መጣ። የመጨረሻው ድምፅ እየቀጠነ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያም ጭብጨባው ከነቅጭልታው።

«ይኸው!» አሉ ወይዘሮ ኡሜሃራ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው። «እጁ ነው።» «ይህች ቅጭል የምትለው ነገር ግን ምንድን ናት? ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አልነገረኝም።»

የሺዮዳ ዓይን የኢሶቤ አንጓ ላይ አረፈ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ባንኮኒውን ስትመታ የሰማት ሰዓት ናት። ገባው።

ኢሶቤ እጁን ከባንኮኒው በታች አወረደ፤ የሰዓቷን ማሰሪያ ቀስ ብሎ ፈታና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

«ቁልፍ ይሆናል» አለ። «ኪሳቸው ውስጥ።»

«ቁልፍ! እውነትዎን ነው! ቁልፉን ሁሉ ተሸክሞ ነበር የሚዞረው።»

«ይህን ሸክላ አይሽጡት፣ እባክዎ። እኔ ጋ ትርፍ ማጫወቻ አለ። ነገ ሺዮዳ ቤትዎ ድረስ ያመጣልዎታል።»

«እኔ?» አለ ሺዮዳ። ኢሶቤን አየውና «አዎ፣ እኔ» አለ።

ወይዘሮ ኡሜሃራ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፤ ጎንበስ እንዳሉም ትንሽ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «እንግዲያው አንዴ ይድገሙልኝ» አሉ።

ሺዮዳ መርፌውን አንስቶ መለሰው። ኢሶቤ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ባዶ አንጓውን በሌላ እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ፤ በዚህ ጊዜ ግን አንገቱን አልደፋም። ጭብጨባዋ እስክትመጣ ጓጉቶ ጠበቃት።