ጋቢውን ሲያለብሱት

ራሔል እጇን ያወጣችው ዶክተር ሳሙኤል ይቅርታውን አንብበው ሳይጨርሱ ነው። አይተዋት እንዳላዩ ቀጠሉ። እሷም አላወረደችውም።

«...በአንድ የቀድሞ አሰልጣኝ የግል ድርጊት በሴት ስፖርተኞቻችን ላይ ለደረሰው ጉዳት ኮሌጃችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። አዳራሹ አጨበጨበ።

የራሔል እናት ሙሉመቤት ከኋላ ተቀምጣለች። አላጨበጨበችም።

አሰልጣኝ ሚልኪያስ ከልምምድ በኋላ የቮሊቦል ተጫዋቾቹን አንድ አንድ እያስቀረ የሚያደርግባቸውን ነገር መጀመሪያ አፍ አውጥታ የተናገረችው ራሔል ናት። የተናገረችውም ለእኚሁ ሰው፣ ያኔ የተማሪዎች ዲን፣ ዛሬ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ለሆኑት ለሳሙኤል ነበር። ብዙም ሳይቆይ እቤታቸው «ነገሩ እዚሁ ይቅር» የሚል ሽማግሌ መጣ። የኮሌጁ ስም፣ የልጅቷ ስም፣ ነገ ማን ያገባታል የሚለው ሁሉ ተነሳ። ሙሉመቤት እንግዶቹን እስከ ደጅ ሸኝታ በሩን ዘጋችባቸው። በማግስቱ ልጇ ከቡድኑ ተባረረች። ሚልኪያስ ግን ሌላ ከተማ ወዳለ ኮሌጅ ሲዛወር በዚሁ አዳራሽ ተመስግኖ ተሸኘ። እዚያም ያንኑ ሲያደርግ ተያዘና ዘንድሮ ተፈረደበት። ስብሰባው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

«የጥያቄ ጊዜ የለንም» አሉ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ኤልሳዕ ከመድረክ። «አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያስገባ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለች ራሔል፤ ተነሳች። ማይክ የሰጣት የለም።

«ኧረ ቁጭ በይ የኔ ልጅ!» አሉ አንድ ሽበታም መምህር ከመካከል። «ይቅርታ ተጠየቅሽ አይደል እንዴ?»

ሙሉመቤት ብድግ ልትል ስትል አጠገቧ ያለችው ዋፊቃ ክንዷን ያዘች። ዋፊቃ የጀጎል ልጅ ናት፤ ከራሔል ጋር በአንድ ቡድን ተጫውታለች። «ተያት እትዬ ሙሉ» አለቻት በሹክሹክታ። «ወላሂ፣ ዛሬ ማንም አያስቀምጣትም።»

«ዶክተር» አለች ራሔል፤ «ሚልኪያስ ሲሸኝ እዚሁ መድረክ ላይ ጋቢ አልብሰውታል።»

«አዎ፣ የተለመደ የሽኝት ሥርዓት ነበር።»

«ጋቢውን ሲያለብሱት ያውቁ ነበር?»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ሸዋ በር ሲያልፍ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«በወቅቱ የደረሰን መረጃ...» ብለው ጀመሩ ሳሙኤል።

«የነገርኩዎት እኔ ነኝ፤ ቢሮዎ ቁጭ ብዬ። ውሃ አስመጡልኝ። መጠጣት ሲያቅተኝ ብርጭቆውን የያዙልኝ እርስዎ ነዎት።»

የዚህን ብርጭቆ ነገር ሙሉመቤት እስከ ዛሬ ሰምታ አታውቅም። እሷ ብትሆን ይሄኔ «አንተ!» ብላ፣ የአፏን ሁሉ ተናግራ፣ ምናልባትም መድረኩ ላይ ወጥታለች። ልጇ ግን እርስዎ እንዳለች ነው። ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም። ይቺን ልጅ ሙሉመቤት ወልዳታለች፣ አጥባታለች፤ ይህ ድምፅ ከየት እንደመጣላት ግን አታውቅም።

«ለራሴ ብዬ አይደለም የምጠይቅዎት፤ እኔማ አውቀዋለሁ» አለች ራሔል። «እሱ በሄደበት ኮሌጅ ለተጎዱት ነው። ሁለቱ መጥተው እዚሁ ተቀምጠዋል። አገራቸው ድረስ ማን እንደላከባቸው ይወቁ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከግድግዳው ሥር ሁለት ወጣት ሴቶች ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ አቀርቅራ ነበር፤ ቀና አለች።

አቶ ኤልሳዕ ወደ ፕሬዚዳንቱ ጆሮ ጠጋ ብለው «እንዳይመልሱ» አሉ። ማይኩ ክፍት ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

ሳሙኤል የያዙትን ወረቀት ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ሥር ያሉትን ልጆች አዩ፤ አይተውም ዓይናቸውን ከላያቸው አላነሱም።

«አውቅ ነበር» አሉ።

«አልተሰማም!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አውቅ ነበር። ጋቢውን ሳለብሰው አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹንም የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

ሙሉመቤት ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። የሰማች ቀን እልል እንደምትል ወይም መሬት ላይ ተደፍታ እንደምታለቅስ ታስብ ነበር። አሁን ሁለቱም አልመጡላትም። ዓይኗን ከልጇ ላይ መንቀል ብቻ አቃታት።

ራሔል አልተሳደበች፣ ይቅር ብያለሁም አላለች። «እሺ» አለች። «ይህንኑ ለዐቃቤ ሕግ ይንገሩልን። አሁኑኑ አብረን እንሂድ።»

አቶ ኤልሳዕ «ይሄ አግባብ አይደለም» እያሉ የፕሬዚዳንቱን እጅጌ ያዙ። ሳሙኤል እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው የመድረኩን ደረጃ ወረዱና በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። የአዳራሹ ሰው ሲያያቸው ቆየና አንድ በአንድ ዞሮ ወደ ራሔል ተመለከተ።

ራሔል በመቀመጫዎቹ መካከል ወደ እናቷ መጣች። ቅድም ቁጭ በይ ያሏት መምህር እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። ሁለቱ እንግዶችም ተነስተው ተከተሏት።

አጠገቧ ስትደርስ ሙሉመቤት ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች፤ ቄስ ወይም ትልቅ ሰው ቤቷ ሲገባ እንደምትነሳው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ራሔል ግራ ተጋብታ። «ተቀመጪ እንጂ።»

ሙሉመቤት አልተቀመጠችም።