የለም

የመሥሪያ ቤታችን ዳታቤዝ መረጃውን የሚይዘው በሜሞሪ ብቻ ስለሆነ፣ ሲዘጋ የነበረውን ሁሉ ይረሳል። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጡት የራሳቸውን ስም ጽፈው በመፈለግ ነበር። ማሽኑ «የለም» ሲላቸው «ተገላገልኩ» ብለው ይስቁ ነበር። የልጃቸው እኩያ የሆንኩትን እኔን ደግሞ ለቀልድ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር፤ ከሳቸው በቀር እንዲያ ብሎ የጠራኝ የለም።

ከተቀበሩ ሳምንት ሆናቸው። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ እሳቸው ያዘጋጇቸውን፣ የዳታቤዙ ቅጂዎች የሚሠሩባቸውን ሦስት ኮንቴይነሮች አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሳሁ።

«ባዶ ነው?» አለኝ አለቃዬ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«አንዴ ልየው።»

እንደ ልማዳቸው ስማቸውን ጻፍኩ። አንደኛው ኮንቴይነር «የለም» አለ። ሁለተኛውም «የለም» አለ። ሦስተኛው ግን ቆየ። ከዐይን ጥቅሻ በላይ ፈጅቶ አያውቅም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ አለቃዬ። «ባዶ ነው ወይስ አይደለም?»

አፌን ልከፍት ስል ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ።

«ባዶ ነው ይበሉት።»